መንግሥትን ወክዬ የቆምኩ ጊዜ

ያሳበቀብኝ ድምፄ ነው። ፊቴንማ የሚያውቀው የለም፤ ጉንጬ ጎድጉዷል፣ ፀጉሬ አልቋል፣ ከዘራ ከያዝኩም ሰንብቻለሁ። ባለፈው እሑድ ረፋድ ላይ አዲሱ ገበያ ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ ነበር። ረዳቱ «ፒያሳ፣ ፒያሳ» ብሎ ካሰለፈን በኋላ ሐሳቡን ለውጦ ለሌላ መንገድ መጥራት ጀመረ። «ሰው በአንድ ቃል ተጠርቶ በሌላ ቃል አይሸኝም» አልኩት። ይኸው ነው፤ ሌላ አልተናገርኩም። ከኋላዬ የቆመች፣ መጽሐፍ ቅዱሷን በደረቷ ያቀፈች፣ ከቸርች የወጣች የምትመስል ሴት ትከሻዬን ነካ አደረገችኝ። ሃምሳውን ያለፈች ናት።

«ይቅርታ ጋሼ፣ ድሮ ፍርድ ቤት ይሠሩ ነበር?»

«አልሠራም፤ እቆም ነበር» አልኳት።

«የመንግሥት ጠበቃ?»

«ነገረ ፈጅ።»

«አስቴር እባላለሁ። የወይዘሮ ዘነበች ልጅ ነኝ፤ የዘነበች ታደሰ።»

ታክሲው መጣ። ሁለታችንም አልተሳፈርንም።

በዚያ ዘመን አዲሱ ገበያ ይህን ያህል አይጨናነቅም ነበር። ተሳፋሪ ፊት ለፊት ጉልበት ለጉልበት ገጥሞ የሚቀመጥባቸው «ውይይት» የምንላቸው ታክሲዎች ነበሩ። ጠዋት ስሳፈር ከእንጦጦ እንጨት ተሸክመው የወረዱ ሴቶች ከመንገዱ ዳር ጀርባቸውን አሳርፈው ተቀምጠው አያለሁ፤ የባሕር ዛፉ ቅጠል ሽታ ታክሲው ውስጥ ድረስ ገብቶ ሱፌ ላይ ይቀር ነበር። ሁለት ሱፍ ነበረኝ። አንዱ ግራጫ፣ አንዱ ቡኒ፣ ሁለቱም ያንዱ ልብስ ሰፊ ሥራ ናቸው፤ ዊንጌት ታች አንድ ጠባብ ክፍል ውስጥ የሚሰፋ፣ ሜትሩን ከአንገቱ የማያወርድ ሰውዬ። የሱሪው እግር እንደ ጊዜው ሰፊ ነበር። ሻይ በስሙኒ ጠጥተህ መልስ ይሰጡሃል። ጫማ አስጠርገህ፣ ጋዜጣ ገዝተህ፣ ከብር ላይ ይተርፍሃል። ከአንድ ሙዚቃ ቤት ደጅ የተሰቀለ ድምፅ ማጉያ ቀኑን ሙሉ ያንኑ ዘፈን ይደጋግም ነበር፤ አዝማቹን ዛሬም አፌ ላይ አገኘዋለሁ፣ ግጥሙ ግን አይመጣልኝም። ሙዚቃ ቤቱ የነበረበት ቦታ አሁን የሞባይል መሸጫ ነው። ልብስ ሰፊው የት እንደገባ የሚነግረኝ አላገኘሁም። ይህን ሁሉ ሳስታውስ ልቤ ይራራል ብዬ እጠብቃለሁ፤ አይራራም። እንደ ዕቃ ቆጠራ ነው የሚታየኝ፤ አለ፣ የለም፣ አለ፣ የለም።

ነገረ ፈጅነትን ለዛሬ ልጆች ባስረዳ የሚገባቸው አይመስለኝም። መንግሥት ይከሳል፣ ይከሰሳልም፤ ግን እንደ ሰው በእግሩ ሄዶ ችሎት አይቀርብም። አንድ ሰው ስለሱ መቆም አለበት። ማን ይቁም? በሕጉ ሥልጣኑ የአንድ የበላይ መሥሪያ ቤት ነበር፤ የዚያ መሥሪያ ቤት ዐቃብያነ ሕግ ናቸው መንግሥትን የሚወክሉት። የጉዳዩ ብዛት አላዳርስ ስላላቸው ግን በየመሥሪያ ቤቱ ላለን ነገረ ፈጆች በደብዳቤ ውክልና ይሰጡን ነበር። ለመከራከር አንድ ውክልና። «ከሳሽ ያሉት እውነት ነው፣ የተሳሳተው መንግሥት ነው» ብሎ ለማመን ደግሞ ሌላ፣ ልዩ ውክልና። መከራከሪያው ቦርሳዬ ሙሉ ነበር። ሁለተኛውን ዓይነት በሥራ ዘመኔ ሁሉ በእጄ የያዝኩት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ እሱም በወይዘሮ ዘነበች ጉዳይ።

ወይዘሮ ዘነበች ባላቸው ሾፌር ሆኖ ኖሮ የሞተባቸው፣ ወንድና ሴት ልጅ የሚያሳድጉ ሴት ነበሩ። ቤታቸው ጉለሌ፣ ዳገቱ ላይ፣ በረንዳ ያለው ባለ ሦስት ክፍል ጭቃ ቤት ነው። በዚያን ጊዜ አንድ ሰው ከአንድ ቤት በላይ እንዳይኖረው ታውጆ ነበር። እና አንድ ቀን ትርፍ ቤቶችን የሚያስተዳድረው የኛ መሥሪያ ቤት ሰዎች ሄደው «እርስዎ ቀበና ሌላ ቤት አለዎት፤ ይኼ ትርፍ ነው» ብለው አስወጧቸው። ሴትየዋ ቀበናን በአውቶቡስ መስኮት ካልሆነ አያውቋትም። ቢምሉ፣ ቢገዘቱ የሚሰማቸው አጡ። ቤቱ ለአንድ ከባድ ሰው ተሰጠ። ሴትየዋ እዚያው ሰፈር አንዲት ክፍል ተከራይተው መንግሥትን ከሰሱ።

መዝገቡ ለኔ ተመራ። ሠላሳ አንድ ዓመቴ ነበር፤ ገና የጻፍኩት ማመልከቻ ሁሉ ቁም ነገር የሚመስለኝ ጊዜ። መዝገብ ቤት ወርጄ ካርዱን አወጣሁ። «ዘነበች ታደሰ፣ ጉለሌ አንድ፣ ቀበና አንድ» ይላል። የአያት ስም የሚጻፍበት ቦታ ባዶ ነው። የየሰፈሩን ዋና ፋይል አስወጥቼ ጎን ለጎን ሳደርጋቸው አንደኛዋ ዘነበች ታደሰ ገብሬ ናት፣ ሁለተኛዋ ዘነበች ታደሰ ወልደ ሚካኤል። አንዷ የጣት አሻራ ነው ያኖረችው፣ አንዷ በቁም ጽሕፈት ፈርማለች። አንድ አንድ ቤት ያላቸው ሁለት ሴቶች በአንድ ካርድ ሁለት ቤት ያላት አንዲት ሴት ሆነዋል። ያለቀለት ነገር ነው። አለቃዬን አቶ ግርማን አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን አሹ። «ይኼማ ምን ክርክር አለው፣ እንመን እንጂ» አሉ። ለበላይ ተጻፈ፤ ልዩ ውክልናው ማኅተሙ እንዳረፈበት ተፈርሞ መጣልኝ።

ችሎቱ ጣሪያው ከፍ ያለ፣ ክረምት ከበጋ የሚበርድ አዳራሽ ነበር። ዳኛው ሸምገል ያሉ፣ ካቦርታቸውን የማያወልቁ ሰው ናቸው። ወይዘሮ ዘነበች ነጠላቸውን አጣፍተው ቆመዋል፤ ልጃቸው አስቴር፣ ያኔ አሥራ ሁለት ዓመቷ፣ ከኔ ወንበር አጠገብ አግዳሚው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። ተነሣሁና «ክቡር ፍርድ ቤት፣ ሁለቱን መዝገቦች መርምረናል። ከሳሽ ያሉት እውነት ነው። መንግሥት በዚህ ቤት ላይ ክርክር የለውም» አልኩ። ድምፄ ያን ቀን ጥሩ ነበር። ለራሴም ተሰማኝ። ወይዘሮ ዘነበች ወደ ጎን ዞር ብለው «ምን አለ?» ብለው አንዱን ባለጉዳይ ጠየቁ። ሰውዬው ጆሯቸው ላይ ነገራቸው። ጮክ ብለው አላመሰገኑም፣ እልልም አላሉም፤ ልጃቸው ጎን ቁጭ አሉ። ዳኛው «ውክልናህን በሚቀጥለው ቀጠሮ ከመዝገቡ ጋር አያይዝ» ብለው ለፍርድ ቀጠሩ። ያን ቀን ማያያዝ ነበረብኝ። ኮፒ አስደርጌ አመጣለሁ ብዬ ዋናውን ቦርሳዬ ውስጥ መለስኩት። ለዚህ ምንም ምክንያት የለኝም፤ ኮፒ ማድረጊያው መኪና ተበላሽቶ ነበር፣ በቃ።

በመሐል ሦስት ሳምንት አለፈ። ቤቱ ውስጥ የገባው ከባድ ሰው ነገሩን ሰምቷል። የት ሄዶ ለማን እንደተናገረ አልጠየቅኩም፣ የነገረኝም የለም። በቀጠሮው ቀን ጠዋት አቶ ግርማ ወደ ቢሯቸው ጠሩኝ። አልተቀመጡም፤ መስኮቱ ጋ ቆመዋል።

«ሙሉጌታ፣ እኛ መዝገብ ቤት እንዲህ ያለ ደብዳቤ የለም» አሉኝ።

«የቱ ደብዳቤ ጋሼ?»

«የበላይም መዝገብ ቤት የለም። አንተም ጋ የለም።»

ቦርሳዬ በእጄ ነበር። እሳቸውም ያዩታል።

«ባለቤትህ ልትወልድ ነው አይደል?» አሉኝ ቀጥለው። ድምፃቸው ክፉ አልነበረም። ይልቁንስ ያዘነ ይመስል ነበር።

ችሎት ስገባ እናትና ልጅ በፊተኛው ቦታቸው ናቸው፤ የበላይ መሥሪያ ቤቱ ዐቃቤ ሕግም ቀድሞኝ ተቀምጧል። ጥቁር ሱፍ የለበሰ፣ ቁመቱ ረዘም ያለ፣ ከኔ ብዙ የማይበልጥ ሰው። መዝገቡ ሲጠራ ከኔ በፊት ተነሣ። «ክቡር ፍርድ ቤት፣ በሕግ መንግሥትን ወክሎ ለመከራከርም ሆነ ለማመን ሥልጣን ያለው የኛ መሥሪያ ቤት ነው። በዚህ ጉዳይ እምነት እንዲሰጥ ውክልና የሰጠነው ማንም የለም። ነገረ ፈጁ የተናገሩት የራሳቸውን ሐሳብ ነው፤ መንግሥትን አያስገድድም።» ወደ እኔ ዞሮም አላየኝ።

ዳኛው ወደ እኔ ተመለከቱ። «ልዩ ውክልና አለህ ወይስ የለህም?»

ቀኝ እጄን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ። ወረቀቱን በጣቴ ነካሁት፤ ለሁለት ታጥፎ ነበር፣ ጠርዙ ይሰማኛል። አርባ ዓመት ሊሞላው ነው። ሰዎች እንዲህ ያለ ነገር ሲያወሩ ላብ አጠመቀኝ፣ ዓለም ዞረብኝ ይላሉ። እኔ ምንም አልተሰማኝም። እግሬ ይበርደኝ ነበር፤ የማስታውሰው እሱን ነው። እጄን ባዶውን አወጣሁ።

«የለኝም፣ ክቡር ፍርድ ቤት» አልኩ።

ዳኛው ብዕራቸውን አስቀመጡ። «ያለ ውክልና ነው እዚህ ቆመህ መንግሥት ተሳስቷል ያልከው?»

«አዎ።»

የሰጠሁት ቃል ከመዝገቡ እንዲሠረዝ ታዘዘ። ክርክሩን ዐቃቤ ሕጉ እንደ አዲስ ያዘው፤ ካርዱን ብቻ አቀረበ። ዋና ፋይሎቹ ሲጠየቁ «ተፈልገው አልተገኙም» ተባለ። ከወራት በኋላ የተሰጠው ፍርድ «ከሳሽ በቀበና ሌላ ቤት ያላቸው መሆኑ ተረጋግጧል» የሚል ነበር።

ቃሌ የተሠረዘ ዕለት ኮሪደሩ ላይ ወይዘሮ ዘነበች ጠብቀውኛል። የሚሰድቡኝ መስሎኝ ፍጥነቴን ጨመርኩ። እጄን ያዙኝ። «ልጄ፣ ያን ቀን 'ቤቱ የሳቸው ነው' ያልከው አንተ አይደለህም?» አሉኝ። ልጅቷ ከጀርባቸው ቆማ ታየኛለች። «ሥልጣን አልነበረኝም እማማ» አልኳቸው። «ታዲያ ያኔ ማን ነበር የተናገረው?» አሉኝ። ለነገር አልነበረም፤ በእርግጥ ስላልገባቸው ነው የጠየቁት። «ቀጠሮ አለብኝ» ብያቸው ሄድኩ። ቀጠሮ አልነበረኝም። ወጥቼ ሻይ ቤት ገባሁና ሻይ አዝዤ ሳልጠጣው ቀዘቀዘ።

ከዚያ ወዲያ ያለው ቀላል ነው። ሴት ልጅ ተወለደችልኝ። በዓመቱ እድገት አገኘሁ፣ ቡኒውን ሱፍ ጥዬ ሌላ አሰፋሁ። ደብዳቤውን ምን እንዳደረግኩት አላስታውስም። ቀድጄው ይሆናል፣ አቃጥዬው ይሆናል፤ ይህን የሚያምነኝ ያለ አይመስለኝም፣ ግን ፈጽሞ ጠፍቶብኛል። ዘመን ተለወጠ፣ ሌላ ዘመን መጣ፣ እኔም ለሁለቱም ቆምኩ። ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት «መንግሥትን ወክዬ» የሚለውን ቃል ስንት ጊዜ እንዳልኩ እንጃ። በልቼ አደርኩበት። ባለቤቴ እስክትሞት ድረስ እንኳ አልነገርኳትም፤ ምሥጢር ሆኖብኝ አይደለም፣ እንዴት ተብሎ እንደሚጀመር ስለማላውቅ ነው።

አስቴር ከሰልፉ አውጥታ አንድ ጭማቂ ቤት ወሰደችኝ። ፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀመጥን። አቮካዶ አዘዘችልኝ። የሕፃናት ትምህርት ቤት መምህርት ናት፤ አነጋገሯ ቀስ ያለ፣ ለማይሰማ ሰው የሚያስረዳ ዓይነት ነው። እናቷ ካረፉ አራት ዓመት እንደሆናቸው ነገረችኝ። ቤቱም አሁን የለም፤ መንገድ ሲሰፋ ፈርሷል። እግዚአብሔር ያጽናሽ አልኳት። አመሰገነችኝና መጽሐፍ ቅዱሷን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ያን ቀን ዳኛው ሲጠይቁዎት እጅዎን ቦርሳ ውስጥ ከተቱ። እኔ አጠገብዎ ስለነበርኩ ዓይኔ ቦርሳው ላይ ነበር። ነጭ ወረቀት በጣትዎ ይዘው ለቀቁት። ምን ነበር?»

አቮካዶውን በማንኪያ አማሰልኩ። ዋሽቼ መዝለል እችል ነበር፤ አሮጌ ሰው ረሳሁ ቢል ማን ይከሰዋል?

«ውክልናው ነው» አልኳት።

«ነበረዎት ማለት ነው።»

«ነበረኝ። ተፈርሞ፣ ማኅተም ተደርጎበት። ካርዱም ስሕተት ነበር። እናትሽ ቀበና ቤት አልነበራቸውም፤ ስማቸው ከአንዲት ሴት ስም ጋር ተመሳስሎ ነው። ሁለቱንም ፋይል በእጄ ይዤ አይቻቸዋለሁ።»

አላለቀሰችም። እኔም አላለቀስኩም። ከጎናችን ያለው የጭማቂ መፍጫ ሲጮኽ እስኪያቆም ጠበቀች።

«ዳንኤል የሚባል ወንድም አለኝ፤ ያኔ አሥራ ስምንት ዓመቱ ነበር» አለችኝ። «ፍርዱን ሲያነብ ቀበና ሄደ። ሰፈርተኛውን ሲጠይቅ 'አዎ፣ የዘነበች ታደሰ ቤት ይኼ ነው' ብለው አሳዩት። በረንዳው ላይ አንድ ሰውዬ ተቀምጦ አገኘ። ከዚያ በኋላ ምንም አልጠየቀም። አባታችን ከመሞቱ በፊት እናታችን ሌላ ሰው፣ ሌላ ቤት ነበራት ብሎ አመነ። ምላለት ነበር። 'ፍርድ ቤት አረጋግጧል' ይላት ነበር። በዚያው ዓመት ከቤት ወጣ።»

«አሁን የት ነው?»

«ናዝሬት። ጋራዥ አለው። እናታችን ስትታመም ደወልኩለት። ስትሞትም ደወልኩለት።» ስልኳን አወጣች። «ይንገሩት። እኔ ብነግረው ለእናቴ ያደላሁ ይመስለዋል። ከርስዎ አፍ ይስማ።»

እምቢ የምልበት ቃል ፈለግኩ። ሕመም አለብኝ፣ ጆሮዬ አይሰማም፣ ሌላ ቀን ይሁን። አንዱም አልመጣልኝም። ደወለች፣ «አንድ ሰው ያናግርሃል» አለችና ስልኩን ሰጠችኝ። ከወዲያ ብረት በመዶሻ ሲመታ ይሰማል።

«ማን ልበል?»

«ሙሉጌታ እባላለሁ። በእናትህ የቤት ጉዳይ መንግሥትን ወክዬ የቆምኩት ሰው ነኝ።»

መዶሻው አላቆመም፤ ሌላ ሰው ነው የሚመታው። ነገርኩት። እንደ ክስ መልስ አድርጌ ነው የነገርኩት፣ ሌላ አነጋገር አላውቅም፤ ሁለት ሰዎች፣ አንድ ስም፣ የአያት ስም ያልተጻፈበት ካርድ። ውክልናው በእጄ እንደነበረ፣ የለኝም እንዳልኩ፣ ለምን እንዳልኩ። ሳላቋርጥ ተናገርኩ፤ እሱም አላቋረጠኝም።

«እርግጠኛ ነዎት?» አለኝ በመጨረሻ።

«ሁለቱንም ፊርማ አይቻለሁ። እናትህ መጻፍ ይችሉ ነበር?»

«አትችልም ነበር። በጣቷ ነው።»

«የቀበናዋ በቁም ጽሕፈት ነው የፈረመችው።»

«ቆይ» አለና ከአፉ ራቅ አድርጎ «ተው፣ ተው አንተ፣ አቁም!» ሲል ሰማሁ። መዶሻው ቆመ። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ስልኩን ከጆሮዬ አራቅኩት። መልሼ ሳስጠጋው እየተናገረ ነበር።

«...አልቀበርኳትም» ይላል። «አስቴር ደውላልኝ ነበር። መኪና ነበረኝ፣ ነዳጅም ነበረኝ። አልቀበርኳትም እኮ።»

ይቅርታ ማለት እንዳለብኝ አውቃለሁ። ቃሉንም አውቀዋለሁ። ግን ለማን ብዬ፣ ማን ሆኜ እንደምለው ግራ ገባኝ። ስልኩን ለአስቴር መለስኩላት።

ጆሮዋ ላይ አድርጋ ብዙ አዳመጠች። «እ... አዎ... እሳቸው ናቸው» አለች። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። «ና» አለችው። «እሑድ ና። ቸርች ወጥቼ እጠብቅሃለሁ፣ መቃብሩን አሳይሃለሁ። አይ፣ ምንም አታምጣ። አንተ ብቻ ና።»

ከዘራዬን አንሥቼ ቆምኩ። ማንም ቁጭ ይበሉ አላለኝም።